ከሳቁና ከጭፈራው በስተጀርባ ያለው ላብ

ኪነ ጥበብ ከሰው ልጅ ሥራና ኑሮ ተነጥሎ የበቀለበት ዘመን የለም። ገበሬው በደቦ ሲያጭድ፣ እናት ሕፃኗን እሹሩሩ ስትል፣ ሠራተኛው ከጓደኞቹ ጋር ከባድ ሸክም ሲያነሳ፣ ዜማና ድካም አብረው ኖረዋል። ጭፈራም የዚሁ ኑሮ ልጅ ነው። ስለሆነም ስለ ጭፈራና ስለ ሳቅ መጻፍ ቁም ነገርን ትቶ በጨዋታ ጊዜ ማሳለፍ አይደለም። አንድ ኅብረተሰብ በምን እንደሚስቅ፣ ሲስቅም ማንን እንደሚረሳ መመርመር የኅብረተሰቡን የውስጥ አሠራር መመርመር ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከታቸው እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ እስከ 1950ዎቹ በሆሊውድ የተሠሩትን የዘፈንና የጭፈራ አስቂኝ ፊልሞች ነው። የእነዚህ ፊልሞች ነገር ለነቀምቴ፣ ለጊምቢ፣ ለደምቢዶሎ፣ ለሻምቡና ለነጆ ነዋሪ ምኑ ነው? የሚል ጥያቄ መነሳቱ ተገቢ ነው። መልሳችን በሁለት ይከፈላል። አንደኛ፣ ፊልሞቹ ራሳቸው ባይደርሱ እንኳ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው በወለጋ ከተሞች ዘንድ ከደረሱ ቆይተዋል። ሁለተኛ፣ በእነዚያ ፊልሞች ውስጥ የተፈጸመው ግፍ በእኛም መድረክ ላይ ወንድም አለው።

ፊልሙ በየት በኩል መጣ?

ሲኒማ ወደ አገራችን ሲገባ የአዲስ አበባ ሰው የሚታይበትን ቤት «የሰይጣን ቤት» ብሎ እንደሰየመው የታወቀ ነው። ውሎ አድሮ ግን ሕዝቡ ሰይጣኑን ተላመደው። ኢትዮጵያ፣ ኢምፓየር፣ አምባሳደርና ራስ የተባሉት ሲኒማ ቤቶች የአሜሪካን፣ የኢጣሊያንና የሕንድን ፊልም ለከተሜው አሳዩ። ይሁን እንጂ ይህ ዕድል በአብዛኛው የዋና ከተማው ዕድል ነበር። በጠቅላይ ግዛት ከተማ የሚኖር ሰው የዘፈንና የጭፈራ ፊልምን በስፋት ያገኘው ከሆሊውድ በቀጥታ ሳይሆን በቦምቤይ በኩል ዞሮ ነው።

የሕንድ ፊልም ሠሪዎች የሆሊውድን ዘዴ ወስደው በራሳቸው ዜማ፣ በራሳቸው እንባና በራሳቸው የቤተሰብ ታሪክ አዋሕደውታል። ራጅ ካፑር እ.ኤ.አ. በ1951 «አዋራ»ን፣ በ1955 ደግሞ «ሽሪ 420»ን ሲያቀርብ ኮፍያውና አረማመዱ ከቻርሊ ቻፕሊን የተወሰደ፣ ልቡ ግን የሕንድ ጎዳና ልብ ነበር። በኋላ የቪዲዮ ቤቶች በየከተማው ሲስፋፉ ቋንቋውን የማያውቅ ወጣት በአግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ዘፈኑን በቃሉ ያጠና ነበር። ዛሬ ደግሞ ያው ጭፈራ ተቆራርጦ በእጅ ስልክ ላይ ይታያል። መሣሪያው ተለወጠ እንጂ ነገሩ ያው ነው፤ ድንገት ወሬ ቆሞ ዘፈን ይጀመራል፣ ሰው መራመዱን ትቶ ይጨፍራል፣ ተመልካቹም ድካሙን ለጊዜው ይረሳል።

መስሕቡ ምንድን ነው?

ነቀፋ ከመጀመራችን በፊት ለውበቱ ተገቢውን ዋጋ መስጠት ይኖርብናል። ሠራተኛ የሚወደውን ነገር «ማደንዘዣ ነው» ብሎ በአንድ ቃል መጣል ቀላል ነው፤ ነገር ግን ሠራተኛውን መናቅ ይሆናል።

እነዚህ ፊልሞች የተወለዱት በችግር ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 የኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ ወደቀ። በ1933 ከአራት አሜሪካውያን ሠራተኞች አንዱ ያህሉ ሥራ ፈት ነበር። በዚያው ዓመት ዋርነር ብራዘርስ የተባለው ኩባንያ «42ኛው ጎዳና»ንና «የ1933 ወርቅ ፈላጊዎች»ን አወጣ። ሁለቱም የሚተርኩት ስለ ተራ ተወዛዋዦች ነው፤ የቤት ኪራይ ያስጨነቃቸው፣ ልምምዱ ከተቋረጠ እንጀራቸው የሚቋረጥባቸው ሴቶች። «ወርቅ ፈላጊዎች» ሲጀምር ልጃገረዶቹ በገንዘብ ቅርጽ በተሠራ ልብስ አጊጠው ስለ ሀብታቸው ይዘፍናሉ። ዘፈኑ ሳያልቅ ግን ባለዕዳው ኩባንያ ዕዳውን ባለመክፈሉ የሕግ ሰዎች ገብተው ዕቃውን ይወስዳሉ። ቀልዱ ከዚህ በላይ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

የዚሁ ፊልም መደምደሚያ ደግሞ ሳቅ አይደለም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘምተው የተመለሱና በኋላ ለዳቦ ሰልፍ የቆሙ ወታደሮች በመድረኩ ላይ ያልፋሉ። ከአንድ ዓመት በፊት፣ በ1932፣ ቃል የተገባላቸውን ክፍያ ለመጠየቅ ዋሽንግተን የሰፈሩ የቀድሞ ወታደሮች በጦር ኃይል መባረራቸውን ተመልካቹ አልረሳም ነበር። የጭፈራ ፊልም ይህን ያህል እውነት ለመናገር መድፈሩ ሊመሰገን ይገባል።

ሁለተኛው መስሕብ የሥራው ታማኝነት ነው። ፍሬድ አስቴየርና ጂንጀር ሮጀርስ እ.ኤ.አ. ከ1933 እስከ 1949 በአሥር ፊልሞች አብረው ተጫውተዋል። አስቴየር አንድ ጽኑ ሕግ ነበረው። ካሜራው ተወዛዋዦቹን ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር እንዲያሳይ፣ ጭፈራውም በተቻለ መጠን ሳይቆራረጥ እንዲቀረጽ ይጠይቃል። ይህም ጋቢውን ሳያጥፍ በብርሃን ዘርግቶ ለገዢ የሚያሳይ ሸማኔ ዓይነት ነው፤ እንከን ካለ ይታያልና።

ሦስተኛው መስሕብ ተራውን ነገር ማክበሩ ነው። ጂን ኬሊ ሐር ባርኔጣና ረጅም ካፖርት ትቶ ተራ ሱሪና ሸሚዝ ለብሶ ይጨፍር ነበር። አስቴየር የመኳንንቱ፣ እሱ ራሱ ግን የወዝአደሩ ተወዛዋዥ መሆኑን በአንደበቱ ተናግሯል። እ.ኤ.አ. በ1952 ከስታንሊ ዶነን ጋር ባዘጋጀው «በዝናብ ውስጥ መዝፈን» ፊልም ውስጥ የኬሊ መድረክ የመንገድ ውኃ ነው፤ የጭፈራ ጓዱም ጃንጥላ ነው። ጃንጥላውንም በመጨረሻ ለአንድ መንገደኛ ሰጥቶት ይሄዳል። በክረምት የነቀምቴን ዝናብ የሚያውቅ ሰው፣ ጫማው በጭቃ ተይዞ ከሥራ ሲመለስ፣ በዚህ ትዕይንት ቢስቅ ስለ ራሱ መሳቁ ነው።

የተደበቀው ላብ

ነገር ግን እነዚህ ፊልሞች አንድ ትልቅ ነውር አለባቸው፤ ሥራን ያለ ሥራ የመጣ ያስመስላሉ። ተዋናዩ ፈገግ እያለ ይዘላል፣ ይሽከረከራል፤ ተመልካቹም «እንዴት ቀላል ነው!» ይላል። እውነቱ ሌላ ነው። ጂንጀር ሮጀርስ እ.ኤ.አ. በ1936 «ስዊንግ ታይም» በተባለው ፊልም የመጨረሻውን ጭፈራ ስትቀርጽ ትዕይንቱ ከ40 ጊዜ በላይ ተደጋግሞ እግሯ ደም እንዳፈሰሰ ይተረካል። ኬሊ በዝናቡ ውስጥ የጨፈረው 39 ዲግሪ ትኩሳት ይዞት ነበር። በዚያው ፊልም የተሳተፈችው የ19 ዓመቷ ዴቢ ሬይኖልድስ፣ ቀድሞ የውዝዋዜ ሙያ ያልነበራት፣ ከጧት እስከ ምሽት በዘለቀ ቀረጻ እግሯ ቆስሎ መራመድ ተስኗታል። በፊልሙ ላይ የምናየው ግን ፈገግታዋን ብቻ ነው።

የታሪኩ አወራረድም ይህንኑ መደበቅ ያግዛል። የብዙዎቹ ፊልሞች ባለታሪክ ሥራው የማይታወቅ፣ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ የማይጠየቅ ሰው ነው። ችግሩ ሁሉ የሰው ስም ተሳስቶ በመወሰዱ ይፈጠራል፣ በሠርግም ያልቃል። የአልጋ አንጣፊዋ፣ የምግብ አሳላፊውና የሻንጣ ተሸካሚው በፊልሙ ውስጥ አሉ፤ ነገር ግን ማታ ወዴት እንደሚያድሩ የሚጠይቅ የለም።

በባዝቢ በርክሊ በተቀነባበሩት ጭፈራዎች ደግሞ ሌላ ነገር እናያለን። በርክሊ በጦርነቱ ዘመን የመድፈኛ መኮንን ሆኖ ወታደሮችን በሰልፍ ያሰለጥን ነበር። ወደ ሆሊውድ ሲገባም ካሜራውን ከጣራ በላይ ሰቅሎ በአሥር የሚቆጠሩ ሴቶችን አበባ፣ ጎማና ከዋክብት አደረጋቸው። ዓይን ይማርካል። ነገር ግን ከላይ ሲታይ ፊት የለም፣ ስም የለም። እያንዳንዷ ሴት የመንኮራኩር ጥርስ ናት። በፋብሪካ የሠራ ሰው ይህን ሥዕል ያውቀዋል።

ከስቱዲዮው አጥር ውጭ የሆነው ደግሞ ከፊልሙ ይልቅ አስተማሪ ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1945 የስቱዲዮዎቹ የትዕይንት አስጌጪዎች የሥራ ማቆም አድማ መቱ። አድማው ወራት ፈጀ። ጥቅምት 5 ቀን 1945 በዋርነር ብራዘርስ ደጃፍ አድመኞች በውኃ ግፊትና በዱላ ተመቱ፤ ቀኑም «የሆሊውድ ጥቁር ዓርብ» ተባለ። ከ12 ዓመት በፊት የተረሳውን ወታደር በዘፈን ያስታወሰው ኩባንያ ይኸው ነው። በመጋረጃው ላይ ለሥራ አጡ ማልቀስና በበሩ ላይ ሠራተኛውን ማባረር በአንድ ድርጅት ውስጥ አብረው ሊኖሩ ይችላሉ።

ከበሮው ሲነጠቅ

የባሰው ነውር ግን ይህ ነው። አስቴየርና ኬሊ ዓለምን ያስደነቁበት፣ ብረት በተገጠመለት ጫማ ወለሉን እየመቱ የሚጨፍሩት ጭፈራ የማን ነው? ሥሩ የሚመዘዘው ከአፍሪካ በባርነት ከተወሰዱ ሰዎችና ከድሆች አይሪሾች ነው። እ.ኤ.አ. በ1739 በደቡብ ካሮላይና ባሮች ካመፁ በኋላ በማግስቱ ዓመት የወጣው ሕግ ባሪያ ከበሮ እንዳይመታ ከለከለ፤ ከበሮ መልእክት ያስተላልፋልና። ከበሮው ሲነጠቅ እግርና መዳፍ ከበሮ ሆኑ።

የእነዚያ ሰዎች የልጅ ልጆች በሆሊውድ ምን ቦታ አገኙ? ቢል ሮቢንሰን የዘመኑ ታላቅ ባለሙያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1935 በተሠራ ፊልም ከሕፃኗ ሸርሊ ቴምፕል ጋር በደረጃ ላይ ሲጨፍር የምናየው ግን በአሽከርነት ነው። አስቴየር በሚቀጥለው ዓመት ሮቢንሰንን ለማክበር ብሎ በ«ስዊንግ ታይም» ሲጨፍር ፊቱን ጥቁር ቀብቶ ነበር። አክብሮትና ንቀት በአንድ ፊት ላይ ተቀቡ።

ፋያርድና ሃሮልድ ኒኮላስ የተባሉት ወንድማማቾች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1943 «የማዕበል ጊዜ» በተባለው ፊልም በትልቅ ደረጃ ላይ እየተፈራረቁ አንዱ በሌላው ላይ ዘለው እግራቸውን አንፈራጥጠው ወርደዋል። እስከ ዛሬ ያን ትዕይንት ያየ ሁሉ ትንፋሹን ይይዛል። ነገር ግን በነጮች ፊልም ሲታዩ ብዙ ጊዜ ከታሪኩ ጋር የሚያያዙበት ክር አልነበራቸውም። ይመጣሉ፣ ይጨፍራሉ፣ ይሄዳሉ። ምክንያቱ የታወቀ ነው። በደቡብ አሜሪካ ግዛቶች ያሉ ሲኒማ ቤቶች ጥቁሮቹን ከፊልሙ ቆርጠው ሲያወጡ ታሪኩ እንዳይፈርስ ነው። ዘፋኟ ሊና ሆርንም በዚሁ መንገድ ብዙ ትዕይንቷ ተቆርጧል። ጭፈራው ይፈለጋል፤ ጨፋሪው ግን በታሪኩ ውስጥ እንዲኖር አይፈለግም።

መቀሱ በሌላም እጅ ነበር

መቀሱ የካፒታሊስቱ እጅ ብቻ ነበር ብንል አንባቢን ማታለል ይሆናል። የሶቪየቱ አዘጋጅ ግሪጎሪ አሌክሳንድሮቭ እ.ኤ.አ. በ1930 ሆሊውድን አይቶ ከተመለሰ በኋላ የዘፈንና የጭፈራ ኮሜዲዎችን ሠርቷል። በ1936 ባወጣው «ሰርከስ» ውስጥ ጥቁር ልጅ በመውለዷ ከአሜሪካ የተሰደደች ሴት ታሪክ ይታያል። በመጨረሻ ተመልካቾቹ ሕፃኑን እየተቀባበሉ በየቋንቋቸው እሹሩሩ ይሉታል። ግሩም ትዕይንት ነው። ነገር ግን በይዲሽ የዘፈነው ታላቁ ተዋናይ ሰሎሞን ሚኾኤልስ እ.ኤ.አ. በ1948 በስታሊን ትእዛዝ ሲገደል ድርሻው ከፊልሙ ተቆርጦ ወጣ፤ የተመለሰውም ከዓመታት በኋላ ነው።

በእኛም አገር መስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በአዲስ አበባ ሲከበር የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች የረዱበት የብዙኃን ትርኢት ቀርቧል። ሰው በሰው ላይ ተቀጣጥሎ ሥዕልና ጽሑፍ ሆነ። በርክሊ ቢያየው የራሱን ሥራ ያውቅ ነበር። በዚያው ወር በወሎና በትግራይ ሰው በረሃብ ይረግፍ ነበር። ከረሃቡ የተረፉት ብዙ ሺህ ወገኖች በሰፈራ ወደ ወለጋ መምጣታቸውን የዚህ ገጽ አንባቢዎች ያውቃሉ። ትርኢቱ ያሳየው ነገር ነበረ፤ የጋረደውም ነበረ።

ከእኛ ደጃፍ

አሁን ወደ ነቀምቴ እንመለስ። «በዝናብ ውስጥ መዝፈን» የሚተርከው ድምፅ የሌለው ፊልም ድምፅ ስለሚያገኝበት ዘመን ነው። ዝነኛዋ ተዋናይት ድምፀ መጥፎ ስለሆነች አንዲት ወጣት ከመጋረጃ ጀርባ ሆና ትዘፍንላታለች። በመጨረሻ መጋረጃው ይገለጥና እውነተኛዋ ዘፋኝ ትታያለች፤ ተመልካቹም ያጨበጭባል። የሚገርመው ግን በአንዳንዱ ዘፈን የወጣቷ የራሷ ድምፅ እንኳ የእሷ አለመሆኑ ነው። ቤቲ ኖይስ የተባለች ሌላ ሴት ዘፍናላታለች፤ ስሟም በፊልሙ ላይ አልተጻፈም። የተደበቀውን ሠራተኛ ስለ መግለጥ የተሠራው ፊልም ራሱ ሠራተኛ ደበቀ።

የነቀምቴ ሰው የዚህን ታሪክ አምሳያ ለማግኘት ርቆ መሄድ አያሻውም። አስቴር ጋኖ በልጅነቷ በባርነት ተይዛ በቀይ ባሕር ልትሸጥ ስትወሰድ እ.ኤ.አ. በ1886 በኢጣሊያ መርከብ ነፃ ወጣች። በምፅዋ አጠገብ በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተምራ፣ እሷም ከማስታወሻዋ አምስት መቶ ያህል የኦሮሞ ዘፈን፣ ተረት፣ ምሳሌና እንቆቅልሽ ሰበሰበች። እ.ኤ.አ. በ1899 ለታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ትርጉምም የቃላት ሥራዋ መሠረት ነበር። ከ1904 ጀምሮ በነቀምቴ አስተምራለች። ሆኖም ያ ትርጉም ሲነሳ ዘወትር የሚጠራው፣ እሱም በባርነት ያለፈውና በ1931 በነቀምቴ ያረፈው፣ የኦኔሲሞስ ነሲብ ስም ነው። የኦኔሲሞስ ሥራ ታላቅ ነው፤ ክብሩን የምንቀንስበት ምክንያት የለንም። ነገር ግን መጋረጃው ለአስቴርም ሊገለጥላት ይገባል።

ሌላም እንጨምር። በዘውዱ ዘመን ኦሮምኛ በትምህርት ቤትና በጋዜጣ ቦታ አልነበረውም። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከተጠቀመባቸው 15 ቋንቋዎች አንዱ አደረገው፤ በ1984 ዓ.ም. በቁቤ የትምህርት ቋንቋ ሆነ። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ግን የኦሮሞ ጭፈራ ከትልልቅ መድረኮች አልጠፋም። ቋንቋው በማይጻፍበት ጊዜ እንኳ ጭፈራው ይፈለግ ነበር። የጥቂት ደቂቃ ትርኢት ሆኖ፣ ልብሱ አሸብርቆ፣ ከትያትሩ ታሪክ ጋር ሳይያያዝ ይቀርባል፤ ጭብጨባውን ተቀብሎም ይወርዳል። ይህ ከኒኮላስ ወንድማማቾች ዕጣ በምን ይለያል? ዘለው ሲወርዱ የተደነቁ፣ ሲናገሩ ግን ያልተሰሙ ናቸው።

በየሰፈራችንስ? ሠርግ ያለ ጨፋሪ አይደምቅም። የበዓል ቀን የወጣቶች ቡድን ይጠራል፤ ለሳምንታት ይለማመዳል፤ በፀሐይ ይቆማል። ሲጨርስ ለድንኳን ተካዩ፣ ለወንበር አከራዩና ለድምፅ መሣሪያው ባለቤት ሒሳብ ይከፈላል፤ ለጨፋሪው ምሳና ምስጋና ይበቃዋል ይባላል። «እሱማ ተደስቶ ነው» የሚለው አባባል ሆሊውድ ከፈገግታው ጀርባ ደምን የደበቀበት ዘዴ ነው። ደስ እያለው የሚሠራ ሠራተኛ ደመወዝ አያስፈልገውም ያለ ሕግ የለም።

እንዴት እንመልከት?

የወለጋ ከተሞች በቅርብ ዓመታት ብዙ መከራ አሳልፈዋል። በሐዘን ጊዜ ስለ ጭፈራ ማውራት ያሳፍራል የሚል ሰው ቢኖር እንረዳዋለን። ነገር ግን ከበሮው የተነጠቀው ሰው በእግሩ መምታቱን፣ ሥራ ያጣውም ሠራተኛ ለሲኒማ ሳንቲም መቆጠቡን አይተናል። ደስታ የጠገበ ሰው ትርፍ ብቻ አይደለም፤ የተቸገረም ሰው ድርሻ ነው። ስለዚህ ደስታውን አንከልክል።

የምንጠይቀው ዓይንን ከፍቶ መደሰትን ነው። በወጣት ማዕከል፣ በማኅበር አዳራሽ ወይም በቤት ፊልም ስናይ ሦስት ጥያቄዎች ይበቁናል። ይህን ደስታ ለመሥራት ማን ደከመ? ከታሪኩ ቢቆረጥ ማንም የማያስተውለው ሰው ማን ነው፣ ለምንስ እንዲህ ሆነ? ከመጋረጃው ጀርባ ድምፁን የሰጠው ማን ነው?

እነዚህን ጥያቄዎች ለሆሊውድ ብቻ ትተን ወደ ቤታችን ከሄድን ትርፋችን ትንሽ ነው። የሰፈር ማኅበር ለሚቀጥለው በዓል ወጪውን ሲመድብ ከድንኳኑና ከወንበሩ ሒሳብ ጎን የጨፋሪዎቹን የልምምድ ቀናት ቆጥሮ ይጻፍ። የቡድኑ አባላት ስም በመድረክ ላይ አንድ በአንድ ይነበብ። ጭፈራው የመጣበት ወረዳና የሚናገረው ነገር በራሱ ቋንቋ ይነገር። አረጋውያን የሚያውቁት ዜማ፣ አስቴር ጋኖ እንዳደረገችው፣ ይመዝገብ፤ የተናጋሪውም ስም አብሮ ይጻፍ። ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የጨፋሪን ላብ እንደ ማንኛውም ሠራተኛ ላብ መቁጠርን ብቻ ይጠይቃል።